ሰንጥቆ የሚያልፍ ጫፍ፦ በባህላዊ ቀስት ለሚያድን ሰው የፍላጻ ስለት አመራረጥ

የጠመንጃ ጥይት እንስሳን የሚጥለው በጉልበቱ ነው። አጥንት ይሰባብራል፤ ያለፈበትን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ይቀጠቅጣል። ፍላጻ ይህ ጉልበት የለውም። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ነው። ሳንባን፣ ልብን ወይም ትልልቅ የደም ስሮችን ይበጥሳል፣ ደሙ ይፈሳል፣ እንስሳው ጥቂት ሮጦ ይወድቃል። በቀስት አደን ውስጥ ይህን ሥራ የምትሠራው ከፍላጻው ፊት የተሰካች፣ ከአመልካች ጣት የማትረዝም ስለታም ብረት ናት። ቀስቱም፣ ዘንጉም፣ ላባውም እሷን ለማድረስ የተሠሩ ናቸው።

ይህችን ብረት የአሜሪካ አዳኞች ብሮድሄድ ይሏታል። እኛ እዚህ የአደን ጫፍ እንበላት፤ ለዒላማ ልምምድ ከሚውለው ስለት ከሌለው ድብልብል ጫፍ እንድትለይ ነው። ሱቅ ለገባ ጀማሪ ምርጫው ያደናግራል። ባለሁለት ስለት አለ፣ ባለሦስት፣ ባለአራት፣ በአንድ ጎን ብቻ የተሞረደ፣ ሲመታ እንደ ጃንጥላ የሚከፈትም አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ስለሚከፍተው ቁስል ስፋት ነው። በባህላዊ ቀስት ለሚያድን ሰው ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የስፋት ጥያቄ አይደለም።

ባህላዊ ቀስት ስንል መዘውር የሌለውን ነው፤ ቀጥ ያለውን ሎንግቦውና ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙትን ሪከርቭ። መዘውር ያለው ዘመናዊው ኮምፓውንድ ሌላ ዓለም ነው፤ ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለመሳብ 50 ፓውንድ (23 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚጠይቅ ሎንግቦው፣ 500 ግሬን ወይም 32 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 52 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል እንበል። ጉልበቱ ሲሰላ 43 ጁል ነው። አንድ ኮምፓውንድ 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 88 ሜትር ቢወረውር ደግሞ 101 ጁል ይሆናል። በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ የተለመደው 30-06 ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚያስወጣው ጉልበት ከ3,500 ጁል በላይ ነው። ሎንግቦው የያዘ ሰው እንግዲህ የሚያባክነው ጉልበት የለውም። ሰፋ ያለ ስለት ሰፋ ያለ ቁስል ይከፍታል፤ ዋጋውን ግን ከጥልቀቱ ያስከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የእኔ ቀስት ይህን ጫፍ በአንድ ጎን አስገብቶ በሌላው ጎን ሊያወጣው ይችላል ወይ?

በሌላው ጎን መውጣቱ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ምክንያቱ የደም ዱካ ነው። የአሜሪካ የአጋዘን የቀስት አደን ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ዛፍ ላይ ከተሰቀለ መቀመጫ ነው። ፍላጻው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ መግቢያው ቀዳዳ ከፍ ብሎ ጎድን ላይ ይሆናል። ከዚያ የሚወጣው ደም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀዳዳውንም አንዳንዴ ስብ ይደፍነዋል። ፍላጻው ሰንጥቆ ካለፈ ግን መውጫው ዝቅ ብሎ ሆድ አጠገብ ስለሚሆን ደሙ ወደ መሬት ይወርዳል። በደንብ የተመታ እንስሳ እንኳ ከመውደቁ በፊት መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ያለ ደም ዱካ መቶ ሜትር ሩቅ ነው። ሞቶ ያልተገኘ እንስሳ ደግሞ ለአዳኙ ትልቁ ነውር ነው።

ስለታም ጠርዝ ምን ያህል እንደሚሠራ የአሜሪካ ቀስተኞች የተማሩት አንድም ከኢሺ ነው። ኢሺ ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከያሂ የተረፈ የመጨረሻው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል ከምትባል ከተማ አጠገብ ብቻውን ብቅ አለ፤ ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ በ1916 ሞተ። በዚያ ጊዜ ሳክስተን ፖፕ የሚባል የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሐኪም ወዳጁ ሆነ፤ ቀስት መሥራትና ማደንንም ከእሱ ተማረ። ኢሺ የፍላጻ ጫፎቹን የሚጠርበው ከኦብሲዲያን፣ ከእሳተ ገሞራ ከሚወጣው ጥቁር መስታወት መሰል ድንጋይ ነበር፤ የጠርሙስ ስባሪም ሲያገኝ ይጠቀም ነበር። ፖፕ እንደ ሐኪም ነገሩን መርምሮ የድንጋዩን ጫፍ ከብረቱ ጋር ቆዳ በለበሰ ጉበት ላይ ሲያወዳድር የድንጋዩ ጠልቆ ገባ። ድንጋዩ ከብረት አይጠነክርም። ጠርዙ ግን ቀጭን ነው።

ይህ ድንጋይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ በሚባለው ቦታ የተገኙት ሹል የኦብሲዲያን መሣሪያዎች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሲሆን፣ ያጠኗቸው ተመራማሪዎች ለሚወረወር ጦር ጫፍነት ያገለገሉ እንዳሉባቸው ጽፈዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎችም በዚሁ ድንጋይ ቆዳ ሲፍቁ እስከ ቅርብ ጊዜ ታይተዋል።

ፖፕና ባልደረባው አርተር ያንግ በኋላ ወደ ብረት ዞረው በ1920 የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ለሙዚየም የሚሆን ግሪዝሊ ድብ በቀስት ገደሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ጫፉን ፋብሪካ አስገቡት። ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኔሶታዋ ሴንት ፖል አጠገብ የተመሠረተው ዝዊኪ ከ1938 ጀምሮ ባለሁለት ስለት ጫፍ ሲሠራ ቆይቷል። ቀስት ሠሪው ፍሬድ ቤር ደግሞ በ1956 ሬዘርሄድ የተባለውን ጫፉን አወጣ፤ በሁለቱ ዋና ስለቶች መሃል የምትሰካ ቀጭን ምላጭ ነበረችው። አሁን ሱቅ ውስጥ የሚታየው አብዛኛው ባህላዊ ጫፍ የእነዚህ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ስለቶቹ ቁጥር። አንድ ባለሁለት ስለት ጫፍ 29 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ የሚከፍተው ቁስል ርዝመቱ ያው 29 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ዙሪያ ልክ የተሠራ ባለሦስት ስለት ግን እያንዳንዱ ስለት ከመሃል ወደ ውጭ 14.5 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ድምሩ 43.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ያህል የበለጠ ይቆርጣል ማለት ነው። የሚከፍተውም ቀዳዳ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ እንደ ቀጥተኛ ስንጥቅ በቀላሉ አይገጥምም፤ ደም ለማፍሰስ ይመቻል። ዕዳው ግን ቆዳና ጎድን ላይ ይመጣል። ግማሽ ያህል የበለጠ ለመቁረጥ ግማሽ ያህል የበለጠ ጠርዝ መግፋት አለበት፤ የሚገፋው ጉልበት ግን ያው 43 ጁል ነው። ባለሁለት ስለቱ ጎድን ሲያገኝ ሰንጥቆት ወይም በሁለት ጎድን መሃል ሾልኮ ያልፋል፤ ባለሦስቱ አጥንቱን በሦስት አቅጣጫ መቁረጥ ይጠበቅበታል። የፍሬድ ቤርን ዓይነት አራት ስለት ያላቸው ጫፎች መሃል ላይ የቆሙ ናቸው፤ ትንንሾቹ ምላጮች ለስላሳ ሥጋ ላይ ይቆርጣሉ፣ ጠንካራ አጥንት ላይ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ ወይም ይታጠፋሉ። ቢታጠፉም ዋናዎቹ ስለቶች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሲመታ የሚከፈተውን ዓይነት በአጭሩ ልለፈው፤ ለባህላዊ ቀስት አይሆንም። ስለቶቹን ለመክፈት ከፍላጻው ጉልበት የተወሰነው ይሄዳል። እንስሳው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመታም አንዱ ስለት ቀድሞ ነክቶ ፍላጻውን ሊያጣምመው ይችላል። በኮምፓውንድ የሚያድን ሰው ጉልበት ስለሚተርፈው ይህን ይከፍላል፤ ሎንግቦው የያዘ ከየት ያመጣዋል?

ከስለቶቹ ቁጥር ይልቅ ብዙ ያከራከረው የአሞራረድ ጉዳይ ነው። የተለመደው ስለት እንደ ወጥ ቤት ቢላ ከሁለቱም ጎን የተሞረደ ነው። ሌላው በአንድ ጎን ብቻ ይሞረዳል፤ በሌላው ጎን ዝርግ ነው። ባለሁለት ስለት ጫፍ ላይ ሁለቱም ስለቶች በተቃራኒ ጎናቸው በዚህ ዓይነት ሲሞረዱ ጫፉ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የመሽከርከር ጠባይ ያመጣል። አጥንት ውስጥ ሲገባ ይህ ማሽከርከር አጥንቱን ወደ ጎን ፈልቅቆ ይሰነጥቀዋል። አንድ ነገር ግን መገጣጠም አለበት። የፍላጻው ላባ ከወፉ ቀኝ ክንፍ ከሆነ ፍላጻው በአየር ላይ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል፣ ጫፉም ቀኝ ሞረድ መሆን አለበት፤ ላባው የግራ ክንፍ ከሆነ ጫፉም ግራ። ሁለቱ ከተቃረኑ ላባው ያሽከረከረውን ጫፉ ያቆመዋል፤ ያኔ በአንድ ጎን ለተሞረደ ጫፍ የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከንቱ ነው።

በዚህ ነገር ስሙ ሁልጊዜ የሚነሳው ዶክተር ኤድ አሽቢ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ናታል ገና በሞቱ ትልልቅ የዱር እንስሳት ላይ ፍላጻ እየወረወረ፣ የትኛው ምን ያህል እንደገባ እየለካ መዘገበ። ፍላጻ ጠልቆ እንዲገባ የሚያደርጉ ናቸው ያላቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ያደረገው የስለቱን ዓይነት አልነበረም። መጀመሪያ ያለው የፍላጻው ጥንካሬ ነው፤ ጫፉም፣ ዘንጉም፣ መገጣጠሚያውም ሳይሰበርና ሳይታጠፍ መቆየት አለበት። ቀጥሎ የፍላጻው አበራረር ነው። የታጠፈ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ ዘንግ ወይም እየተወዛወዘ የደረሰ ፍላጻ የቀረውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል። ጫፉ ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱ እንዲበልጥ፣ ከተቻለ ሦስት ለአንድ እንዲሆን ይመክራል፤ ቀስ ብሎ የሚሰፋ ስለት በትንሽ ጉልበት ይገባል። ትልቅ አጥንት ለመስበር ደግሞ ጠቅላላው ፍላጻ ከ650 ግሬን (42 ግራም) እንዲከብድ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ ብዬ አምናለሁ። አሽቢ ብዙውን የለካው በትልልቅ እንስሳት አጥንት ላይ ነው። የሚኔሶታ ወይም የቨርጂኒያ ነጭ ጅራት አጋዘን ጎድን ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ የተሳለ ቀላል ጫፍ ያልፈዋል። ለአጋዘን ብሎ ፍላጻውን እስከ 650 ግሬን ያከበደ ሰው ፍላጻው ቶሎ ይወድቅበታል፣ ርቀቱን በጥቂት ሜትር ሲገምት ቢሳሳት እንስሳውን ይስተዋል፣ ይባስ ብሎም ሆዱን ይመታዋል። ከነጭ ጅራቱ በጣም ለሚገዝፉት የአጋዘን ዘመዶች፣ ኤልክና ሙዝ ለሚባሉት፣ ግን አሽቢ ያለው ተገቢ ነው። እኔ ከእሱ የምወስደው ክብደቱን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው፤ ጥንካሬና አበራረር ይቅደሙ።

አበራረር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በክብደት ነው። ጫፎች በግሬን ተመዝነው ይሸጣሉ፤ 125፣ 150፣ 175፣ 200 እያለ ወደ ላይ ይወጣል። 125 ግሬን 8 ግራም ገደማ ነው፣ 200 ግሬን 13 ግራም። ልዩነቱ በእጅ ብዙም አይታወቅም፤ ዘንጉ ግን ያውቀዋል። ፍላጻ ከቀስቱ ሲወጣ ይታጠፋል፤ የቀስቱን እጀታ ዞሮ የሚያልፈው በዚህ መታጠፍ ነው። ጫፉ በከበደ ቁጥር ዘንጉ የበለጠ ይታጠፋል፣ ማለትም ይለሰልሳል። ለ125 ግሬን የተስተካከለ ዘንግ ላይ 200 ግሬን ሲሰካ ፍላጻው ሌላ ፍላጻ ይሆናል። የቀኝ እጅ ተኳሽ ላባ የሌለውን ዘንግ ቢወረውርና ከላባ ካላቸው ወደ ቀኝ ቢሄድ ዘንጉ ለስልሷል፤ ወደ ግራ ቢሄድ በጣም ጠንክሯል ማለት ነው። ስለዚህ የጫፉ ክብደት መጀመሪያ ይወሰን፤ ዘንጉ በእሱ ይመረጥ። የልምምዱ ጫፍም ክብደቱ ከአደኑ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ለጠቅላላው ፍላጻ የተለመደው ምክር ቀስቱ ሲሳብ ለሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ፓውንድ 9 ወይም 10 ግሬን ነው፤ ለ50 ፓውንድ ቀስት ከ450 እስከ 500 ግሬን።

የተስተካከለው ፍላጻ ላይ የአደኑ ጫፍ ሲሰካ ሌላ ፈተና ይመጣል። ስለቱ ትንሽ ክንፍ ነው፤ ከፊት ያለች ክንፍ ጠማማ ከሆነች ከኋላ ካለው ላባ ጋር ትታገላለች፣ ፍላጻውም በየመንገዱ ይጎተታል። ጫፉ ቀጥ ብሎ መሰካቱን ማወቅ ግን ቀላል ነው። የጫፉን ሹል የጥፍር ጀርባ ወይም ጠንካራ እንጨት ላይ አቁሞ ዘንጉን በሁለት ጣት ማሽከርከር ነው። ጫፉና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓይን ይተከል። ቦታው ሳይወዛወዝ ከተሽከረከረ ጫፉ ቀጥ ብሏል። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ይነቀልና እንደገና ይሰካ።

የእንጨት ዘንግ የሚወዱ፣ በተለይ ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር የሚሉትን ሽታው ደስ የሚል የኦሪገን ጥድ የሚጠቀሙ፣ ጫፉን የሚያጣብቁት በሙጫ ነው። የዘንጉ አፍ በ5 ዲግሪ ሾጥጦ ይቀረጻል፣ የጫፉም አንገት ከውስጥ በዚያው ልክ ተሠርቷል። ጫፉ በፒንሳ ተይዞ በትንሽ እሳት ይሞቃል፤ የሚሞቀው ብረቱ እንጂ እንጨቱ አይደለም፣ እንጨቱ ሲሞቅ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ በዘንጉ ሾጣጣ ላይ ይቀባል፣ ጫፉ እየተጠመዘዘ ይሰካል፣ ሙጫው ሳይረጋ አንዴ ይሽከረከርና ይታያል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጠማማ ከሆነ እንደገና ማሞቅ ብቻ ነው። የካርቦን ዘንግ ላይ ግን ጫፉ በብሎን ይገባል፤ ለሙጫ የተሠራ ጫፍም በማያያዣ ብሎን ሊሰካበት ይችላል። ካርቦኑን እሳት አጠገብ አለማድረስ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ብሎን ማቀፊያ በኬሚካል ሙጫ ስለተያዘ ሙቀት ይፈታዋል።

የቀረው መሳል ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ የሚወስነውም እሱ ነው። ከሱቅ እንደመጣ ለአደን የሚሆን ጫፍ አለ፣ ብዙው ግን አይደለም። የደነዘዘ ቢላ የበሰለ ቲማቲም ላይ ሲደረግ ልጡን ወደ ውስጥ ይጫነዋል እንጂ አይቆርጠውም። የደም ስርም እንዲሁ ነው፤ የሚለጠጥና የሚንሸራተት ነው፣ ከደነዘዘ ጠርዝ ፊት ገሸሽ ይላል። ምላጭ የመሰለ ጠርዝ ግን ሲነካው ይቆርጠዋል። በተጨማሪም በንጹሕ የተቆረጠ ደም ስር ከተቀጠቀጠው ይልቅ ቶሎ አይረጋም፤ ደሙ መፍሰሱን ይቀጥላል።

አሳሳሉ ይህን ይመስላል። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ጫፉ ዘንግ ላይ እንደተሰካ ይያዛል፣ ምክንያቱም ዘንጉ ጥሩ እጀታ ነው። የስለቱ የተሞረደ ጎን በጥቁር ማርከር ይቀባል። ከዚያ ሞረዱ ከጫፉ አንገት ወደ ሹሉ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳባል። ማርከሩ ከየት እንደለቀቀ ይታያል፤ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ ገደላማ አይደለም፣ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ ገደላማ ሆኗል። ማርከሩ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪጠፋ ማዕዘኑ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ያስታውሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ከጠርዙ ማዶ በጣት የምትዳሰስ ፀጉር መሰል የብረት ክር ትወጣለች። እሷ መውጣቷ ጠርዙ ላይ መድረስን ይነግራል። ከዚያ ሌላው ጎን። በመጨረሻ ደቃቅ ድንጋይ ላይ በቀስታ፣ ቀጥሎም አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየተሳበ ክሯ ትጠፋለች።

በአንድ ጎን የተሞረደው ከዚህ ቀላል ነው፤ ዝርጉ ጎን የብረቱን ክር ለማጥፋት ያህል ድንጋዩ ላይ ጋደም ብሎ ይታሻል። ባለሦስት ስለቱ ደግሞ የራሱ ምቾት አለው፤ ትልቅ ሞረድ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሁለቱ ስለቶች በአንድ ጊዜ ይተኙበታል፣ ማዕዘኑን የሚይዘው የጫፉ ቅርጽ ራሱ ነው። ማዕዘን መያዝ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ብቻውን ባለሦስቱን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የተሳለ ባለሦስት ስለት ካልተሳለ ባለሁለት ይሻላል።

መሳሉን መፈተሻው ላስቲክ ነው። ቀጭን የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በሁለት ጣት ተወጥሮ ስለቱ ሳይጫን ቀስ ብሎ ይነካዋል። ጠርዙ ላስቲኩን ወዲያው ከበጠሰ አበቃ። ከገፋው ገና ነው። የብረቱም ጥንካሬ እዚህ ይታያል። በጣም የጠነከረ ብረት ጠርዙን ይዞ ይቆያል፣ ግን በቤት ሞረድ አይነካም፣ አጥንት ላይም ሊሰበር ይችላል። ለስለስ ያለው በሞረድ በቀላሉ ይሳላል፣ በአንጻሩ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ሹሉም ሊታጠፍ ይችላል። ለጀማሪ ለስለስ ያለውን እመርጣለሁ። ካርቦን ስቲል ዝናብ ከነካው በአንድ ሌሊት ይዝጋል፤ ዝገት የሚበላው መጀመሪያ ጠርዙን ነው። ቫዝሊን ወይም ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃል። በፍላጻ መያዣው ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ደጋግሞ መሰካትና መንቀልም ያደነዝዘዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በላስቲክ መፈተሽ ነው። ስለቱን በባዶ እጅ ጨብጦ ማጥበቅ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ለዚህ የተሠራ መፍቻ አለ፤ ዋጋው ከአንድ የስፌት ክር አይበልጥም።

ሕጉ አጭር ነው፣ ግን ግዛት በግዛት ይለያል። በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ጫፉ ቢያንስ 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ኮሎራዶ በዚህ ላይ ቢያንስ ሁለት የብረት ጠርዝ ትላለች። አላስካ ከትልልቅ የዱር እንስሳት ለአነስተኞቹ 40 ፓውንድ፣ ለሙዝና ለቡናማ ድብ 50 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት፣ ፍላጻውም ቢያንስ 300 ግሬን እንዲመዝን ትፈልጋለች፤ ወደ ኋላ የሚይዝ መንጠቆ ያለው ጫፍ ክልክል ነው። ደንቡ ስለሚታደስ የዓመቱን መጽሐፍ ማየት የአዳኙ ፈንታ ነው። ብሪታንያ የዱር እንስሳን በቀስት ማደን በሕግ ከልክላለች፤ ጀርመንም እንዲሁ። በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል መሆኑን ማንም ያውቃል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ሕግ አለበት። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ቢሆንም፣ ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ ጉዳይ ለኦርቶዶክሱ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚያልቅ ነው። በእስልምና ሕግ የአላህ ስም ተጠርቶ የተወረወረ መሣሪያ በስለቱ ወግቶ ከገደለ ሥጋው ይበላል፤ በጎኑ ደብድቦ ከገደለ ግን አይበላም። የስለት ነገር እዚያም ገብቷል።

እንግዲህ 45 ወይም 50 ፓውንድ የሚሳብ ሪከርቭ የያዘ፣ ነጭ ጅራት አጋዘንን ከ18 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ለማደን ያሰበ ጀማሪ ምን ይግዛ? እኔ ብጠየቅ፣ ከሁለቱም ጎን የተሞረደ ባለሁለት ስለት፣ ስፋቱ ከ25 እስከ 29 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከስፋቱ እጥፍ በላይ፣ ከ125 እስከ 160 ግሬን፣ በሞረድ የሚበገር ብረት። ሹሉ እንደ መርፌ የቀጠነ አይሁን፤ አጥንት ሲነካ የሚቆለመም ሹል ፍላጻውን እዚያው ያቆመዋል። 55 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚስብ፣ ፍላጻውም በደንብ የሚበርለት ሰው ባለሦስቱን ቢሞክር አልከለክለውም፤ የደም ዱካው ደስ ያሰኘዋል። ኤልክ የሚያድነው ወደ ጠባቡ፣ ወፍራሙ፣ በአንድ ጎን ወደተሞረደው ይሂድ። ቀስቱ 40 ፓውንድ ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ ጠባብ ባለሁለት ስለት ብቻ ነው፤ ጎኑን ሙሉ የሰጠ እንስሳ ካላገኘ ገመዱን አይልቀቅ።

ጫፎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚሸጡ ስድስት መግዛት ይበጃል። አንዱ የልምምድ ይሁን፤ ስለቱን ችሎ በሚይዝ የፎም ዒላማ ላይ ይወርወር፣ ከልምምድ ጫፍ ጋር አንድ ቦታ መምታቱ ይታይ፣ ዒላማው ስለሚያደነዝዘው ወደ አደን አይሂድ። ከእንስሳ የተመለሰ ጫፍ ታጥቦ ይደርቅ፣ ጥፍር ላይ ይሽከረከር፣ ሹሉ ይታይ። ሹሉ ትንሽ ተልጦ ከሆነ በሞረድ ማሳጠር ይቻላል፤ ስለቱ ወይም አንገቱ ታጥፎ ከሆነ ግን በመዶሻ ማቃናት ብረቱን ስለሚያደክመው ወደ ልምምድ ሣጥኑ ይግባ።